አልማዝ ሚዛን ላይ ሲወጣ፦ አንድ ካራት ስንት ነው?

ወርቅ ቤት መስኮት ፊት ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ «18 ካራት»፣ «21 ካራት» የሚል ጽሑፍ አይታችኋል። ዜና ላይ ወይም ፊልም ላይ ደግሞ «ባለ 5 ካራት አልማዝ» ሲባል ሰምታችኋል። እስኪ ልጠይቃችሁ፦ ከ21 ካራት ወርቅና ከ5 ካራት አልማዝ የቱ ይከብዳል?

ለመመለስ አትቸኩሉ፤ ጥያቄው ወጥመድ አለበት። የወርቁ ካራት ክብደት አይደለም፤ ንጽሕና ነው። ቀለበቱ በ24 እኩል ክፍል ቢከፈል 21ዱ ወርቅ፣ የቀሩት 3ቱ ደግሞ መዳብን ወይም ብርን የመሰለ ሌላ ብረት ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ትንሿ የጆሮ ጌጥም ትልቁ ሐብልም እኩል «21 ካራት» ሊሆኑ ይችላሉ። የአልማዙ ካራት ግን ክብደት ነው። 1 ካራት 200 ሚሊግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ነው። 5 ካራት አልማዝ 1 ግራም ይመዝናል፤ በቃ።

200 ሚሊግራም ምን ያህል እንደሆነ በእጃችሁ ለማየት አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውሰዱ። በማሸጊያው ላይ 80 ግራም የሚል ካለበት፣ አንዱ ኤ4 ወረቀት 5 ግራም ያህል ይመዝናል። በቁመቱ 5፣ በወርዱም 5 ቦታ ከፍላችሁ ቁረጡት። ከሚወጡት 25 ቁራጮች አንዷ አንድ ካራት ናት። እፍ ብትሉባት ትበራለች። በጤፍ እንቁጠር ካላችሁ ደግሞ እንደ ጤፉ ዓይነት ከ500 እስከ 1,000 ፍሬ ያስፈልጋችኋል።

በዚች እፍ ሲሏት በምትበር ክብደት ላይ ነው እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የሚንጠለጠለው። በዚያ ላይ የአልማዝ ዋጋ ከክብደቱ ጋር እኩል አይራመድም። ጥራታቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ባለ 2 ካራቱ ድንጋይ የባለ 1 ካራቱን እጥፍ ብቻ አያወጣም፤ ከእጥፍ በላይ ያወጣል፤ ምክንያቱም ትልልቅ አልማዝ በተፈጥሮ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ጥቂት ሚሊግራም ቢሳሳት ወይ ገዢው ወይ ሻጩ ይጎዳል። ታዲያ ሰው ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር እንዴት በትክክል መመዘን ቻለ?

ሚዛን የነበረው ዘር

ካራት የሚለው ስም የመጣው ከዘር ነው። በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ካሮብ የሚባል ዛፍ አለ፤ ፍሬው እንደ ግራር ፍሬ ረዘም ያለ፣ ጎበጥ ያለ ቆባ ነው። ግሪኮች ቆባው ቀንድ ስለሚመስል «ኬራቲዮን» አሉት፤ ትንሽ ቀንድ ማለት ነው። ዐረቦች «ቂራጥ» አሉ፤ ከዚያም ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ተቀብለው ካራት ሆነ። ነጋዴዎች በአንዱ የሚዛን ጽዋ ላይ ዕንቁውን፣ በሌላው ላይ የካሮብ ዘር እያስቀመጡ ይመዝኑ ነበር።

የወርቁ 24ም የመጣው ከዚሁ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ያስመታው ሶሊዱስ የተባለው የሮም የወርቅ ሳንቲም የ24 የካሮብ ዘር ክብደት ነበረው። 24ቱም ወርቅ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ 21ዱ ብቻ ወርቅ ከሆነ ደግሞ የቀረው ድብልቅ ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ እስከ ዛሬ የሚያደናግረን በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ካራት የሚለው ቃል ከካሮብ ሳይሆን «ቋራ» ከተባለ ዛፍ የመጣ ነው ብሎ ጽፏል። ዛፉ ብዙዎቻችሁ ኮርች ብላችሁ የምታውቁት ነው፤ አበባው እንደ እሳት የቀላ፣ ዘሩም ቀይ። በምዕራብ በኩል ወርቅ በሚገኝበት አገር ወርቁ በዚህ ዘር ይመዘን ነበር ይላል ብሩስ። ስለ ቃሉ አመጣጥ የቋንቋ ሊቃውንት የግሪኩንና የዐረብኛውን መንገድ ነው የሚቀበሉት፤ እኔም ማስረጃው ወደዚያ ያደላል ባይ ነኝ። ቢሆንም ወርቅና ዘር በአንድ ሚዛን ላይ መገናኘታቸው የሜድትራኒያን ሰዎች ብቻ ብልሃት እንዳልነበረ ያሳየናል።

ለረጅም ጊዜ «የካሮብ ዘር የተመረጠው አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም እኩል ስለሚመዝን ነው» ይባል ነበር። ጥሩ ወሬ ነው፤ ግን እውነት ነው ወይ? በ2006 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘሮቹን አንድ በአንድ መዝነው ከብዙ ሌሎች ዕፅዋት ዘር ጋር አነጻጸሩ። የካሮብ ዘር ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ ትንሹም ትልቁም አለበት። ታዲያ እንዴት ለዘመናት አገለገለ? መልሱ ያለው ሰው ዓይን ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን ዘር አስመርጠው ሲያዩ፣ ሰው በዓይኑ ብቻ በጣም ትንንሽ የመጠን ልዩነቶችን መለየት ቻለ። የዘሩ እኩልነት ከዛፉ ሳይሆን ከመራጩ የመጣ ነበር ማለት ነው። ይህን ሙከራ እናንተም በባቄላ ወይም በሽምብራ ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ ጣሳ ሙሉ አምጡና እኩል የሚመስሏችሁን 20 ፍሬዎች ምረጡ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላ 20 ዝገኑ። ሁለቱን ክምር አስተያዩ።

ግን መራጭ ካለ ማጭበርበርም አለ። ሲገዛ ከባድ ከባዱን፣ ሲሸጥ ቀላል ቀላሉን ዘር የሚያወጣ ነጋዴ አይጠፋም።

አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ክብደት

ከዘር ወደ ብረት መመዘኛ ከተሸጋገሩ በኋላም ችግሩ አልተፈታም፤ እያንዳንዱ የንግድ ከተማ የራሱ ካራት ነበረው። አንዱ ጋ 190 ሚሊግራም ያልሞላ፣ ሌላው ጋ 205፣ ሌላው ጋ ደግሞ ከ210 በላይ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገራችንም ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር።

ምን ያህል እንደሚያደናግር ለማየት ኩሊናንን እንውሰድ። ጥር 1905 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕሪሚየር ከተባለ ማዕድን ማውጫ የተገኘ፣ እስከ ዛሬ ከተገኙት ዕንቁ የሚሆኑ አልማዞች ሁሉ ትልቁ ነው። በጊዜው በነበረው ካራት ሲመዘን 3,025 ተኩል ከሩብ ሆነ። ዛሬ ያገኛችሁትን መጽሐፍ ብትከፍቱ ግን 3,106 ካራት ይላችኋል። ድንጋዩ አላደገም። የተለወጠው ካራቱ ነው፦ የያኔው የእንግሊዝ ካራት 205.3 ሚሊግራም ያህል ነበር፤ የዛሬው 200 ነው። ራሳችሁ አስሉት፤ በሁለቱም መንገድ 621 ግራም ገደማ ይመጣል። ከግማሽ ኪሎ ስኳር የሚበልጥ አልማዝ!

በ1907 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የመለኪያና የሚዛን ጉባኤ ካራት በትክክል 200 ሚሊግራም ይሁን ብሎ ወሰነ። አሜሪካ በ1913፣ እንግሊዝ በ1914 ተቀበሉት። ካራቱ በ100 ሲከፈል አንዱ ክፍል «ፖይንት» ይባላል፤ 2 ሚሊግራም ነው። ነጋዴዎች «ሃምሳ ፖይንት» ሲሉ ግማሽ ካራት ማለታቸው ነው።

በነገራችን ላይ ኩሊናን ተቆርጦ 9 ትልልቅና 96 ትንንሽ ዕንቁ ወጣው፤ የሁሉም ድምር 1,056 ካራት ያህል ነው። ሁለት ሦስተኛው በመሰንጠቅና በመሞረድ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ቆራጮች ጥሬውን ድንጋይ ከመንካታቸው በፊት በኮምፒውተር ቅርጹን ከየአቅጣጫው አንስተው «እንዲህ ብንቆርጠው ስንት ካራት ይወጣል?» ብለው ደጋግመው የሚያሰሉት። የአልማዝ እፍግታ የታወቀ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.52 ግራም ይመዝናል። ይዘቱን ካወቃችሁ ክብደቱን ማወቅ ማባዛት ብቻ ነው።

አሁን በምን ይመዘናል?

በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን አስቡ። መስታወቱ ለጌጥ አይደለም፤ በር ሲከፈት የሚመጣ ንፋስ ወይም የመዛኙ ትንፋሽ ብቻ ቁጥሩን ያዘልለዋል። በውስጡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ። ድንጋዩ ጽዋውን ወደ ታች ሲገፋ፣ ሚዛኑ በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ጽዋውን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ለመመለስ ያስፈለገው የኤሌክትሪክ መጠን ተለክቶ ወደ ካራት ይቀየራል። ድንጋዩ አስቀድሞ ይጸዳል፣ የሚያዘውም በወረንጦ ነው። አልማዝ ቅባት ይወዳል፤ ውሃ አይይዘውም፣ የጣት ቅባት ግን ይጣበቅበታል። ማዕድን ማውጫዎች ይህን ጠባዩን ተጠቅመው ድንጋይና ውሃ ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ያፈስሱ ነበር፤ ሌላው ጠጠር ሲንሸራተት አልማዙ እዚያው ይቀራል።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉ የሚገርመኝን ነው። ሚዛኑ የሚለካው ግፊትን ነው አልን። ግፊቱ የሚመጣው ከመሬት ስበት ነው። የመሬት ስበት ደግሞ በየቦታው እኩል አይደለም፤ ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብና ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ ስንል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሁለቱንም አሟልታለች፦ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

እንበል አንድ ነጋዴ የአልማዝ ገበያ በሆነችው በቤልጂየሟ አንትወርፕ ሚዛኑን አስተካክሎ 10.00 ካራት የሆነ ድንጋይ መዘነ። ሚዛኑንና ድንጋዩን ይዞ አዲስ አበባ መጣና እንደገና መዘነው። ሚዛኑ 9.96 ገደማ ይላል! 0.04 ካራት የት ሄደ? ማንም አልሰረቀም። በአልማዙ ውስጥ ያለው ቁስ ያው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መሬት የምትስበው ከአንትወርፕ ይልቅ በሺህ 3 ወይም 4 ያህል አሳንሳ ነው። ይህን የማያውቁ ሻጭና ገዢ ግን «ድንጋዩ ተቀይሯል» ብለው ሊካሰሱ ይችላሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሚዛኑ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ክብደቱ በእርግጠኝነት በሚታወቅ መመዘኛ እንደገና ይስተካከላል። ጥሩዎቹ ሚዛኖች ይህን መመዘኛ በሆዳቸው ይዘው ይዞራሉ። የድሮው ባለ ሁለት ጽዋ ሚዛን ግን ይህ ችግር የለበትም። ስበት ሲቀንስ በዚህኛው ጽዋ ያለው ድንጋይም በዚያኛው ያለው መመዘኛም እኩል ይቀልላሉና። መጠነ ቁስንና ክብደትን በፊዚክስ ክፍል ለምን ለያይተን እንደምናስተምር የሚጠይቅ ተማሪ ካለ፣ እኔ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ዜሮ ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ

1.00 ካራት የሚለው ቁጥር ገበያ ላይ ጉልበት አለው። 0.99 የሆነውና 1.00 የሆነው አልማዝ በዓይን አይለዩም፤ ልዩነታቸው 2 ሚሊግራም፣ ከዚያች ከቆረጣችኋት ወረቀት መቶኛዋ ነው። ዋጋቸው ግን ይራራቃል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጠጋጋ ማን ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጂ.አይ.ኤ. የተባለው የታወቀ የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ከትምህርት ቤት የተለየ ሕግ አለው። እኛ ሦስተኛው አሐዝ 5 ሲሆን ወደ ላይ እናጠጋጋለን፤ እነሱ 9 ካልሆነ አያጠጋጉም። 0.998 ካራት 0.99 ተብሎ ይጻፋል፤ 0.999 ግን 1.00 ይሆናል።

ቆራጮችም ይህን ያውቃሉ። ድንጋዩ 1.00 እንዲሞላ ሲሉ ወገቡን ወፍራም አድርገው ወይም ሆዱን አጥልቀው ይተዉታል። ክብደቱ አለ፤ ግን የተደበቀው ከላይ በማይታይበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ 1 ካራት አልማዞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ አነስ ብሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም በሚሊሜትር ጠይቁ እላለሁ።

ቀለበት ላይ ያለውስ?

ቀለበት ላይ የተሰካ አልማዝ ወደ ሚዛን አይወጣም፤ ወርቁ አብሮት ይመዘናላ። ማውጣት ደግሞ ድንጋዩን ሊጎዳው ይችላል። እዚህ ጋ ሒሳብ ይገባል። ክብ ሆኖ በተለመደው መንገድ የተቆረጠ ከሆነ፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን በካሊፐር በሚሊሜትር ትለኩና እንዲህ ታሰላላችሁ፦ ስፋት ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በጥልቀት፣ ሲባዛ በ0.0061። ስፋቱ 6.5፣ ጥልቀቱ 3.9 ቢሆን 42.25 ሲባዛ በ3.9 ከ165 በትንሹ ያነሰ ይሆናል፤ ያ ሲባዛ በ0.0061 ደግሞ 1.005 ይሰጣል። አንድ ካራት ገደማ ማለት ነው። ግምት እንጂ ሚዛን አይደለም፤ ወገቡ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ትንሽ መጨመር አለበት።

ከዚሁ ስሌት አንድ ነገር ልብ በሉ። ስፋቱም ጥልቀቱም እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ አይሆንም፤ 8 እጥፍ ነው የሚሆነው። 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አልማዝ 8 ካራት ገደማ ነው። በተቃራኒው ባለ 2 ካራቱ ድንጋይ ከባለ 1 ካራቱ በስፋት የሚበልጠው በሩብ ያህል ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ድንጋዩ በእርግጥ አልማዝ ከሆነ ነው። ካልሆነስ? ይህን ለመለየት አርኪሜደስ ከ2,200 ዓመታት በፊት የተወልን ብልሃት ይበቃል። ያልተሰካ ድንጋይ ከሆነ መጀመሪያ በአየር ላይ፣ ቀጥሎ በቀጭን ሽቦ አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ እያለ ትመዝኑታላችሁ። 1.00 ካራት አልማዝ ውሃ ውስጥ 0.716 ገደማ ይመዝናል። የጎደለው 0.284 ነው፤ 1 ለዚህ ሲካፈል 3.52፣ ማለትም የአልማዝ እፍግታ። አልማዝ መስሎ የሚሸጠው ኩቢክ ዚርኮኒያ ቢሆን መልሱ ከ5.5 በላይ ይሆን ነበር፤ ተራ ብርጭቆ ከሆነ 2.5 አካባቢ። ስለዚህ ያው ስፋት ያለው ዚርኮኒያ ከአልማዙ 1.6 ወይም 1.7 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ድንጋዩ ትንሽ ሲሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ውጤቱን ታበላሻለች። ውሃው ውስጥ ጠብ የሚል ፈሳሽ ሳሙና አረፋውን ያስለቅቃል።

ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ የምትታወቀው በአልማዝ ሳይሆን በኦፓል ነው፤ በተለይ በወሎ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ በሚወጣው። የተሞረደው ኦፓልም የሚሸጠው በካራት ነው። አልማዝን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ብታወጡትና ብታደርቁት ክብደቱ ያው ነው። የወሎ ኦፓል ግን አብዛኛው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ አሁን ያነበባችሁት የአርኪሜደስ ዘዴ ለእሱ በቀጥታ አይሠራም፤ እየመዘናችሁት ይጠጣል። ከውሃ የወጣን ኦፓል በዚያው ሰዓት ሚዛን ላይ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው ውሃውንም በኦፓል ዋጋ እየሸጠ ነው፤ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይድረቅልኝ ማለት አለበት፤ አንዳንዱም ቀናት ይፈጅበታል።